«ወፈርሽ» ምርቃት ነው ወይስ ስድብ? ስለ ሰውነት የሚደረገው ክርክር ጎጃም ሲደርስ

ለበዓል ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የገባች ልጅ በር ላይ የሚቀበላት የመጀመሪያ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰውነቷ ነው። «እሰይ ልጄ፣ ወፈር ብለሻል! ተመችቶሻል» ይሏታል እናቷ ጉንጯን እያገላበጡ እየሳሙ። ከስታ ከመጣች ደግሞ «ምነው ጠቆርሽ? ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» ይሏታል። ያችው ልጅ ማታ ስልኳን ስትከፍት ፎቶዋ ሥር «ወፈርሽ» የሚል ቃል ታገኛለች። ቃሉ ያው የጠዋቱ ነው። ጠዋት ግን ምርቃት ነበረ፣ ማታ ስድብ ሆኗል።

«ቦዲ ሼሚንግ» (ሰውን በሰውነቱ ማሸማቀቅ) እና «ቦዲ ፖዚቲቭ» (ሰውነትን እንዳለ መውደድ) የሚባሉት ቃላት ሳይተረጎሙ ወደ አማርኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ገብተዋል። አንዷ ቲክቶክ ላይ «ሰውነቴን እንዳለ እወደዋለሁ» ካለች ከሥሯ ሁለት ጎራ ይሰለፋል። አንዱ «ጎበዝ፣ ማንም አያገባውም» ሲል ሌላው «ስኳርና ግፊት ሲይዝሽ እናይሻለን» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሌላ አገር ላይ፣ ለሌላ ችግር የተሠራ መከራከሪያ ተውሰው ነው የሚሟገቱት። የሚገርመው ደግሞ ስኳር ያስፈራራትም፣ «ተመችቶሻል» ያሉት እናትም የሚያደርጉት አንድ ነገር መሆኑ ነው፤ ገላ አይተው ጤና ይፈርዳሉ። የዚህ ሁሉ ሙግት ስንጥቁ እዚህ ላይ ነው።

የክርክሩ ሥር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ስቲቭ ፖስት የተባለ የሬዲዮ አዘጋጅ ባቀረበው ጥሪ 500 ያህል ሰዎች ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ተሰብስበው እየበሉ፣ ስለ መክሳት የተጻፉ መጻሕፍትንና በቅጥነቷ የታወቀችውን የትዊጊን ፎቶ አቃጠሉ። በ1969 ቢል ፋብሬይ የተባለ መሐንዲስ፣ ሚስቱ በውፍረቷ የሚደርስባት ንቀት አንገብግቦት፣ ዛሬ ናፋ በሚል ምኅፃረ ቃል የሚታወቀውን ማኅበር መሠረተ። በ1973 ደግሞ ጁዲ ፍሪስፒሪት እና አልደባራን የተባሉ ሁለት የሎስ አንጀለስ ሴቶች የወፍራሞች ነፃነት መግለጫ አወጡ። ጥያቄያቸው ስለ ውበት አልነበረም። በሥራ ቅጥር፣ በሕክምና፣ በትምህርት ቤት እንደ ሰው እንቆጠር፣ የማክሳት ንግድም ገንዘባችንን መብላቱን ያቁም የሚል ነበር። ከዚህ ጥያቄ ወደ ሕግ የደረሰው ጥቂቱ ነው። የሚሺጋን ግዛት በ1976 ባወጣው የመብት ሕግ ቁመትና ክብደትን አድልዎ ከሚከለከልባቸው ነገሮች ጋር አስገባ፤ የኒው ዮርክ ከተማም በ2023 ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀች።

«ቦዲ ፖዚቲቭ» የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በኢንስታግራም ዘመን ነው። የመብት ጥያቄው ለዝቦ ራስን ወደ መውደድ ተለወጠ፤ የሳሙናና የውስጥ ልብስ ነጋዴዎችም ወዲያው ተቀበሉት። የድሮዎቹ ታጋዮች ዛሬም የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። በመስታወት ፊት ቆሞ ራስን ማድነቅ የአውቶቡስ ወንበር አያሰፋም፤ ሐኪም ፊትም አያስከብርም። እኛ ዘንድ በቲክቶክ በኩል የገባው ይህ ለዘብተኛው ክንፍ ነው።

በሙግቱ ውስጥ የተጣበቁትን ሁለት ጥያቄዎች መለየት ያሻል። አንዱ የክብር ጥያቄ ነው፣ ሌላው የጤና። ክብሩ በጤናው ላይ አይንጠለጠልም። የሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ሰው «መጀመሪያ ዳንና እናከብርሃለን» የሚለው የለም። «ወፍራም ሁሉ ጤነኛ ነው» ብሎ መሟገት አላስፈላጊም ስሕተትም የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ክብርን በሐሰት ማስያዣ ለመግዛት መሞከር ነው። ተቃራኒው ወገን ደግሞ «ለጤናሽ ብዬ ነው» ይላል። ሰው ፎቶ ሥር የተጻፈ ስድብ አንብቦ ሲከሳ አልታየም፤ መገለልና መሸማቀቅ ይበልጥ ወደ ምግብ እንደሚገፋ፣ ከስፖርት ቦታና ከሐኪም ቤት እንደሚያርቅ ነው ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት።

የጎጃሙ ሚዛን

ጎጃም ውስጥ ውፍረትን የሚሰድብ ቃል አልጠፋም፤ ቦርጫም፣ ዘርጣጣ፣ ወደል አሉ። ሸንቃጣና መለሎም ከጥንት የምስጋና ቃላት ናቸው። ግን በዕለት ሰላምታ ውስጥ የሚያሳፍረው ብዙ ጊዜ መክሳት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ ሲመናመን የገበሬው ጉንጭ አብሮ ይጎድላል፤ ጤፉና በቆሎው ከገባ በኋላ ፊቱ ይወዛል። ወዝ የጎተራ ማስታወቂያ ነው። በኋላ ኤችአይቪ ሲመጣ በዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት ተደረበ፤ መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን «ከሳ» የሚለው ቃል በሹክሹክታ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ከሕመሙ ያልሆነ መክሳት እንኳ ይደበቅ ጀመር።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደታየው፣ በኢትዮጵያ ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭኖች ነበሩ፣ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ብቻ። ወንዶች ዘንድ ቅጥነቱ 33 በመቶ ነበር። በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። ከተማ ውስጥ ብቻ ሲታይ ግን ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ከልክ በላይ ክብደት ነበራት። እንግዲህ ባሕር ዳር ቀበሌ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይኖሯቸዋል፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ እናቲቱ ወፍራ ልጇ ቀንጭራ ትገኛለች። ከአሜሪካ የመጣው ክርክር ለዚህ ቦታ የለውም። እዚያ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም የታወቀ ነው። እዚህ የጂንስ ሱሪዋ የጠበባት ልጅ ስልኳ ላይ ትሸማቀቃለች፣ አጥንቷ የወጣው ጎረቤቷ ደግሞ ሠርግ ቤት «ንፋስ እንዳይወስድሽ» እየተባለች ትሳቀቃለች።

ይህን ልዩነት አራስ ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል። የገብስ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ እየተነሰነሰ በማማሰያ ይገነፋል፤ እንዳይጓጉል ያለ ዕረፍት ይመታል፤ ገበታ ላይ ወጥቶ መሐሉ ይጎደጎዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀለጠ ቅቤ ከበርበሬ ጋር ይፈሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 14 ግራም ቢመዝን 100 ካሎሪ ያህል አለው፤ የገንፎው ጉድጓድ ደግሞ በአንድ ማንኪያ አይሞላም። አጥሚቱ፣ ማሩ፣ የዶሮው ወጥ ሌላ ነው። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ እስከ ክርስትና ድረስ። የምታጠባ እናት ከወትሮው በላይ የምትፈልገው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ነው። ቀጭን ሆና ለወለደች፣ ከክርስትናው ማግስት ውኃ ልትቀዳና ልታርም ለምትወርድ የደጋ ዳሞት ሴት ይህ ገንፎ መድኃኒት ነው፤ ከዚያ የተሻለ የጤና ጣቢያ ማዘዣ የለም። በክብደቷ ላይ ምንም ሳይጎድል ለወለደች፣ ከወሊድ ፈቃድ በኋላ በባጃጅ ሄዳ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ለምትውል የባሕር ዳር ሠራተኛ ግን ያው ገንፎ የማይወርድ ኪሎ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጠያቂ ዘመድ «እሰይ፣ አራስ መሰልሽ» ይላቸዋል።

ጾሙም እንደዚሁ ነው። ቅቤና ሥጋ በሌለበት 55 ቀን ይከሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከተማ ውስጥ ግን ሽሮው በዘይት ይዋኛል፣ ሳምቡሳውና ድንች ጥብሱ ይበዛል፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከቅቤው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ 120 ካሎሪ ያህል ነው። ለስላሳ መጠጥ የጾም ነውና ይጨመራል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 32 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ ቢቻል 25 ይሻላል ይላል።

ሚዛኑ፣ ክሩና ሜትሩ

ጣና ዳር ወይም መናኸሪያ በር ላይ ሚዛን መሬት ዘርግቶ «ክብደት!» የሚል ልጅ አይታጣም። በጥቂት ብር ቁጥር ይነግራል፣ ሰውም ቁጥሩን ይዞ ወደ ቤት ይሄዳል። ቁጥሩ ግን ለስሕተት የተጋለጠ ነው። የስፕሪንግ ሚዛን በጠጠር ወይም በዘመመ አስፋልት ላይ ሲቀመጥ ሁለት ሦስት ኪሎ ይስታል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ብዙ ሰው የረገጠው ስፕሪንግ ይላላል። ጫማ፣ ጃኬትና ስልክ ተደምረው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይጨምራሉ፤ የጠዋትና የማታ ልዩነትም አለ። ከመውጣት በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት፣ ጫማ ማውለቅ፣ ክብደትን በሁለት እግር እኩል ማሳረፍ፣ ከዚያ በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት እዚያው ሚዛን ላይ መድገም ያስፈልጋል። ከአንድ ልኬት ይልቅ የሁለት ወር ልዩነት ይናገራል።

ሐኪም ቤት የሚሰላው ቢኤምአይ ክብደትን በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ማካፈል ነው። 1 ሜትር ከ60 ቁመትና 72 ኪሎ ያላት ሴት 72ን ለ2.56 ስታካፍል 28.1 ታገኛለች። ከ18.5 በታች ቅጥነት፣ ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። በመንገዱ ሚዛን ሦስት ኪሎ ስሕተት ብቻ ይህችን ሴት ከ28.1 ወደ 29.3 ያደርሳታል፤ ወሰን አጠገብ ያለውን ሰው ደግሞ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1832 ያወጣው ቤልጂየማዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ የሚፈልገው የሕዝብን አማካይ እንጂ የአንድ ሰውን ጤና አልነበረም። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም በ1972 የሰጠው አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አንሰል ኪስ ነው። በ1998 አሜሪካ የወንዶቹን ወሰን ከ27.8 ወደ 25 ስታወርድ፣ አንድ ግራም ሳይጨምሩ ሚሊዮኖች ወፍራም ተብለው አደሩ። ለመብት የሚሟገቱት ወገኖች ይህን ታሪክ ሲያነሱ ትክክል ናቸው። ቀመሩ ስብን ከጡንቻ አይለይም፤ ረጅም እግር ያለው ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በ2025 መጀመሪያ ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽንም ውፍረትን በቢኤምአይ ብቻ መመርመር እንዲቀር፣ ስቡ አካል ላይ ጉዳት ያደረሰበትና ገና ያላደረሰበት ሰው እንዲለያዩ ሐሳብ አቅርቧል።

ሆኖም ቀመሩ ደካማ ነው ማለት ስብ አይጎዳም ማለት አይደለም። የሚጎዳው የት እንደተቀመጠ ነው። ዳሌና ጭን ላይ ያለው ስብ ይታያል እንጂ ብዙም አይነካም፤ ጉበትንና አንጀትን የከበበው ነው ስኳሩንና ግፊቱን የሚጠራው። አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቱ 68 ኪሎ ይሁን። ቢኤምአዩ 22.2 ነው፤ እጁ ቀጭን፣ እግሩ ቀጭን፣ «ምን ጎደለው» የሚባል። ወገቡ 98 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን አደጋው ላይ ነው። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፤ 102 እና 88 ሁለተኛው። 94 እና 80 የአውሮፓውያን ቁጥሮች ናቸው፤ ከሰሃራ በታች ላለው ሕዝብ የራሱ መረጃ እስኪሰበሰብ ድረስ በውሰት እንድንጠቀምባቸው ነው የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን የመከረው።

ወገብ የሚለካበት ቦታ ብዙ ሰው ይስታል። ልብስ ሰፊ የሚለካው ቀበቶው የሚያርፍበትን ነው፤ ቦርጭ ያለው ሰው ደግሞ ሱሪውን ከቦርጩ ሥር ስለሚታጠቅ «ወገቤ 34 ነው» እያለ ለዐሥር ዓመት ይኖራል። ትክክለኛው ቦታ ከጎን በኩል የመጨረሻው የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው። ሁለቱን በጣት ዳብሶ ማግኘት፣ መሐላቸውን መያዝ፣ ሜትሩን በባዶ ገላ ላይ ዙሪያውን እኩል ማሳረፍ፣ ከዚያ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ ሆድ ሳይሳብ ማንበብ። ሜትር ከሌለ ክር ይበቃል። ከተረከዝ እስከ አናት ቁመትን በክር መለካት፣ ክሩን እኩል ለሁለት ማጠፍና ወገብ ላይ ማዞር ነው። ሁለቱ ጫፎች ካልተገናኙ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ አልፏል። ማንበብ የማይችል ሰውም ይሠራዋል፤ ማንም ሳያየው ጓዳ ውስጥ ስለሚሠራም ከሠርግ ቤት ፍርድ ይሻላል።

ቀጭኑ ታማሚ

ከጣና ማዶ፣ ጎንደር ላይ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ያዩት ነገር የስልኩን ሙግት ያፈርሰዋል። ኢንሱሊን የሚፈልግ የስኳር በሽታ ይዟቸው ከገጠር የሚመጡት በአብዛኛው ወፍራሞች አልነበሩም። ድሆች፣ ከሲታዎች፣ አብዛኞቹ ወንድ ገበሬዎች ነበሩ። በልጅነት የጎደለ ምግብ ቆሽትን ሳያዳክም አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ያስነሳው ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት «አምስተኛው» ብሎ ለይቶ ተቀብሎታል። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» በሚባልበት ቦታ እንዲህ ያለው ሰው ውኃ ውኃ እያለው፣ ሌሊት እየተነሳ እየሸና፣ እየከሳ «ቡዳ በላው» ይባላል። ጸበል ቢወስዱት መልካም፤ ከጸበሉ መልስ ግን ጤና ጣቢያ ጣቱን ተወግቶ ስኳሩ ይታይ።

የደም ግፊትም ሰውነት አይመርጥም። የሚያሳዝነው መለኪያው ራሱ ስለ ሰውነት መጠን ማድላቱ ነው። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ መጠን መጠን አለው፤ መደበኛው የሚሆነው ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መደበኛውን በሁሉም ላይ አድርጎ አነጻጸረ። በጣም ትልቁ ጨርቅ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ19.5 ከፍ ብሎ ተነበበ፤ ትንሹ በሚያስፈልጋቸው ቀጫጭኖች ላይ ደግሞ በ3.6 ዝቅ አለ። ስለዚህ ወፍራሟ የሌላትን ግፊት ይዛ፣ መድኃኒት ታዝዞላት ልትወጣ ትችላለች፤ ቀጭኑ ገበሬ ያለበት ግፊት ተደብቆ ወደ እርሻው ይመለሳል። አንድ ጨርቅ ብቻ ባለበት ጤና ጣቢያ ይህ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው የድሮዎቹ የአሜሪካ ታጋዮች ጥያቄ ጎጃም ውስጥ ትርጉም የሚያገኘው። ትልቅም ትንሽም የክንድ ጨርቅ መግዛት ከሺህ የቲክቶክ ቪዲዮ ይበልጣል።

የሚለካው ሰውም ድርሻ አለው። ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ቡና አለመጠጣት፣ ሽንት መሽናት፣ ጀርባን አስደግፎ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ። እጅጌን ወደ ላይ ጠቅልሎ ማጥበቅ ስለሚያስት ሹራቡ ይውለቅ። እየተለካ ማውራትም ቁጥር ይጨምራል፤ ይህ ለጎጃሜ ከቡናው ሳይከብድ አይቀርም።

ፈቃድ ያነሰው ማነው

ስድቡን የሚያጸድቀው ትልቁ እምነት «ሆዳም ስለሆነ ነው፣ ራሱን መግዛት ስላቃተው ነው» የሚለው ነው። ጾም በሚከበርበት አገር ውፍረት የፈቃድ ድክመት፣ እንዲያውም ኃጢአት መስሎ ይታያል። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን የክብደት ልዩነት ትልቁ ክፍል በዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። ከስቶ መቆየት ለምን እንደሚከብድም ይታወቃል። ሰውነት ኪሎ ሲቀንስ የሚያቃጥለውን ያሳንሳል፤ የረሃብ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ የጥጋቡ ይቀንሳል። የክረምቱን ረሃብ ያሳለፈን ዘር ይህ አሠራር ነው ያቆየው፤ ዛሬ ተገልብጦ ይጎዳል እንጂ።

አዲሶቹ መርፌዎች ይህን ከማንም ሙግት በላይ አረጋገጡ። ለስኳር በሽታ የተሠራው ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ተፈቀደ። በዋናው ሙከራ 68 ሳምንት የወሰዱት በአማካይ ወደ 15 በመቶ ክብደታቸው ወረደ፤ ያው ምክር ተሰጥቷቸው ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ብቻ። ምክሩ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው በአንጎል የጥጋብ ምልክት ላይ የሠራው መድኃኒት ነው። ሲያቆሙት በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። በ2023 ደግሞ ልብ ሕመም ያለባቸው ግን ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ላይ ትልልቅ የልብና የአንጎል አደጋዎችን በ20 በመቶ መቀነሱ ታየ። በአሜሪካ የውፍረት ታጋዮች መካከል መርፌውን የወሰደ «ከዳተኛ» እየተባለ መናቆር የተጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። ፍርዱ ቀላል ይመስላል፦ ደም ግፊት ያለበት ክኒኑን ሲውጥ ማንንም አልከዳም። የመርፌው ዋጋ ግን ከመምህር ደመወዝ ጋር የሚነጻጸር አይደለምና ጎጃም ውስጥ ክርክሩ በዚህ በኩል ገና አልደረሰም።

እኛ ዘንድ የደረሰው ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ በአንድ ገጽ «በ15 ቀን ማወፈሪያ» እና «ቦርጭ ማጥፊያ ሻይ» ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ነጋዴው ጎራ የለውም፤ ለሁለቱም ሽሙጥ መድኃኒት አለው።

ማወፈሪያ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ሁለቱ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ሲፕሮሄፕታዲን ነው፤ ለአለርጂ የተሠራ፣ አብሮ የምግብ ፍላጎት የሚጨምር ክኒን። ያፈዛል፣ ያስተኛል፤ ውጦ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ለተሳፋሪውም አደጋ ነው። ሲቆም የጨመረው ኪሎ ይወርዳል። የከፋው ዴክሳሜታዞን የተባለው ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። 0.5 ሚሊ ግራም የሆነችው ትንሽ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ስትወሰድ፣ ሰውነት ራሱ በቀን ከሚያመርተው ኮርቲሶል ከተባለው ሆርሞን በኃይል ትበልጣለች። በሳምንታት ውስጥ ፊት ክብ ይሆናል፣ ጉንጭ ይሞላል፤ ያ «ተመችቶሻል» የሚያስብለው ፊት ነው። እጅና እግር ግን ጡንቻ እየጣሉ ይቀጥናሉ። ውኃ ይቋጠራል፣ ግፊትና ስኳር ይነሳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ሰንበር ይወጣል፣ የተኛ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቀስ ይችላል። ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢም ሥራውን ትቶ ይተኛል።

ሻዮቹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሰና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ ደግሞ ከዚያ በፊት ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጦ አልቋል። የሚወጣው ውኃና ፖታሲየም ነው እንጂ ስብ አይደለም። በማግስቱ ሚዛን ላይ የጎደለው አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። ለወራት ሲቀጥል ፖታሲየም ወርዶ የልብ ምት ይዛባል፤ ኃይለኛ ተቅማጥ ደግሞ በአፍ የሚወሰደውን የወሊድ መከላከያ ሊያከሽፈው ይችላል። ሌላው ክፉ ነገር ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ የማክሻ መድኃኒት ነው፤ በልብ ላይ ባደረሰው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፣ «የተፈጥሮ ቅጠል» በሚባሉ እሽጎች ውስጥ ግን ተደብቆ መገኘቱ አልቀረም። ሻይ ጠጥቶ ልቡ የሚደልቅበት፣ አፉ የሚደርቅና እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ቅጠል ብቻ አለመጠጣቱን ይጠርጥር።

ሻዩን በአንድ ቀን መተው ይቻላል፤ አንጀት ለጥቂት ቀናት ይደርቃል፣ ውኃ፣ ጎመንና ባቄላ ያስተካክሉታል። ዴክሳሜታዞን ግን ሦስት ሳምንት ካለፈው በራስ ፈቃድ በድንገት አይቆምም፤ ዕጢው ተኝቷልና ድካም፣ ማስመለስ፣ ራስ ማዞር፣ ግፊት ወርዶ መውደቅ ይመጣል። ሐኪሙ መጠኑን በሳምንታት እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው። ወደ ሆስፒታል ሲኬድ የተረፈው ክኒን ከነማሸጊያው፣ ማሸጊያ ከሌለው ፍሬው ራሱ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ፍሬ እንደተወሰደም ይነገር። ብዙዎች አፍረው «ቫይታሚን ነው የምወስደው» ይላሉ፤ ከዚያ ሐኪሙ የፊቱን ማበጥ ለኩላሊት፣ የስኳሩን መነሳት ለውፍረት ሰጥቶ ሌላ መንገድ ይሄዳል።